ያልቀነሰው ቁጥር

ጥቅምት 9

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? «ጤናህን እውነቱን ንገረኝ» ላልሽው፣ እውነቱ ይኸው፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ለማንበብ አንድ መነጽር፣ ለመንገድ ሌላ መነጽር ያስፈልገኛል፣ የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ቢሮዬን ባዶ እያደረግኩ ነው። በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት ያቺ መጽሐፌ እንደገና ትታተማለች፤ የመሰናበቻ ንግግርም አለብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ከመሳቢያው የወጣው ወረቀት የሦስት ሰው ነው።

የሰፈሩ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ንብ ሳያረባ ስለ ንብ የሚያወራ ነው» ብለሽ እንደምትመልሺ ጽፈሽልኝ ነበር። ለባልደረቦቼ ነገርኳቸውና ሳቁ፤ እኔም የተሻለ መግለጫ አላገኘሁም። ወጣት ሳለሁ ከላቦራቶሪ ወጥቼ ወደ ፍልስፍና ስሻገር ባዮሎጂስቶቹ «ሸሸን» አሉ፣ ፈላስፎቹ «ንብ ይዞብን መጣ» አሉ። እንደ ሌሊት ወፍ ከአይጥም ከወፍም ሳልሆን እዚህ ደረስኩ።

ጥያቄዬ ግን ያው አባባን እየተከተልኩ ስጠይቀው «አቶ ለምን» ያላችሁኝ ጊዜ የነበረችው ናት። አንዲት ንብ በጥቂት ሳምንት ትሞታለች። አውራዋም በጥቂት ዓመት ትተካለች። ታዲያ የአባባን መንጋ ያኔም ዛሬም «ያው መንጋ» የምንለው ምኑን ይዘን ነው? መጽሐፌ መንጋው ራሱ አንድ ሕያው ነገር ነው፣ ንቦቹ ቢያልፉም እሱ አላለፈም ይላል። ማስረጃዬ አባባ ያስለመደሽ ልኬት ነው። በየወሩ መጀመሪያ ቀፎውን ከፍተሽ በስፌት ሜትርሽ የምትወስጃቸው ሦስት ቁጥሮች፤ የረጅሙ የማር እንጀራ ርዝመት፣ የመንጋው ዙሪያ ከላይ፣ የመንጋው ዙሪያ ከታች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ ባረፈበት ዓመት ሦስት ወር አለ። ሚያዝያ 41፣ 84፣ 69። ግንቦት 41፣ 81፣ 66። ሰኔ 41፣ 79፣ 63። መንጋው እየከሳ ሲሄድ የመጀመሪያዋ ቁጥር ንቅንቅ አላለችም። አራተኛው ምዕራፌ «ያልቀነሰው ቁጥር» የቆመው በእሷ ላይ ነው፤ ሕያው ነገር ሥጋውን እየጣለም መዋቅሩን አይለቅም ብዬ አርባ ገጽ ጽፌበታለሁ። ሰው መጽሐፉን ቢረሳ ይህን ምዕራፍ አይረሳም። አሁን አንዲት ዓይኗ የማይምር የዶክትሬት ተማሪ አለችኝ፤ «መምህር፣ እነዚህ ከሌሎቹ ወሮች ጋር አይገጥሙም፤ ዋናውን ደብተር ማየት ይቻላል?» አለችኝ። የደንበኛ ትእዛዝ የምትጽፊበት ደብተር ጀርባ ላይ ነበር የምትመዘግቢው። እሱን ላኪልኝ። አሳታሚው እስከ የካቲት ጊዜ ሰጥቶኛል።

ወንድምሽ

ኅዳር 3

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ፤ ጉልበትህን በሞቀ ውሃ እሸው፣ ፍልስፍና አያድነውም። እኛ ደህና ነን። መስኮቱን ቀለም ቀባሁት፣ ያው ልጡ ተነሳ። የስፌት መኪናዬ ቀበቶ ተበጥሶ ሳምንት ሙሉ በእጅ ስሰፋ ሰነበትኩ። ጎረቤታችን አናጢው ጥርሱን ተነቅሎ ሦስት ቀን ዝም ስላለ ሰፈሩ ዐርፎ ነበር፤ አሁን ተሽሎታል፣ እኛ ብሶብናል።

ጡረታ እወጣለሁ ብለሃል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምትሆን እኔ አላውቅም። ልብስ ሰፊ ጡረታ የለውም፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ያቃተው ቀን በቃ።

ንቦቹ ደህና ናቸው። የዚህ ወር ልኬት አብሮ በተላከው ወረቀት አለልህ። እንደ ድሮው ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይናደፋሉ።

ደብተሩን አይጥ በልቶታል። ሁሉን አይደለም፤ ያንን ዓመት ነው።

እህትህ

ኅዳር 29

ለእትዬ፣

ዓመት መርጦ የሚበላ አይጥ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ካለ ላኪልኝ፣ ረዳት አድርጌ ልቅጠረው።

አትቀየሚኝ። ግራ ገብቶኛል። የሆነውን ልንገርሽ። ተማሪዬ ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ መጥታ ወንበር ሳትስብ ቆማ ሠንጠረዡ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «መምህር፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት» አለችኝ። እኔ ወሬ የጀመረች መስሎኝ «የኔም እህት» አልኳት። «እንግዲያው እሳቸውም ያውቁታል» አለች፤ «ይሄ ንብ አይደለም። ኮት ነው። ሰው ሲከሳ ደረቱ ይቀንሳል፣ ወገቡ ይቀንሳል። ትከሻ አጥንት ነው፣ አይቀንስም።»

ጮኽኩባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ተማሪ ላይ ጮኼ አላውቅም። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች፤ በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋችውም። ከዚያ ብቻዬን ተቀምጬ የገዛ ምዕራፌን አነበብኩት። አንድ ጊዜ ሳነበው ንብ ነው፣ አንድ ጊዜ ሳነበው ኮት ነው። ያመንኩትን ለማመን እንደገና ሌላ ሰው መሆን አለብኝ።

እትዬ፣ የደንበኛ ልክ ከንቦቹ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ተቀላቀለ በይኝ። ማንም ይሳሳታል። ያ ጊዜ ለአንቺ ምን ዓይነት ጊዜ እንደነበር አላጣሁትም። ወይም አጥቼዋለሁ፤ አልነበርኩማ። አንዲት ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ። ለተማሪዎች ዩኒፎርም ትእዛዝ በዝቶብኛል። ልመልስልህ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ የአዝራር ቁጥር ጽፌ ተነሳሁ።

አይጥ የለም። ድመት እንዳለችን ታውቃለህ።

ትንሽ ታገሰኝ። ልጅቷን ግን ጥራት፤ ይቅርታ በላት።

እህትህ

ጥር 7

ለወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን ነው እንጂ፣ ዛሬ ሰላምታው ራሱ ያስጨንቀኛል። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት በላሁት። ነቀዘ።

ያን ዓመት መጋቢት ላይ ጉንዳን ቀፎው ገባ። ጠዋት ጠዋት ዙሪያውን አመድ መነስነስ ነበረብኝ፤ አባባን ከአልጋ ላነሳ፣ ላጥብ፣ ልመግብ ስል ረሳሁት። አንድ ቀን ስወጣ ድምፅ የለም። ንቦቹ ነቅለው ሄደዋል። ማሩን ጉንዳን ጨርሶታል፤ ከሥር እፍኝ የሞቱ ንቦች ቀርተዋል። ቀፎውን መልሼ ከደንኩትና እጄን ታጥቤ ገባሁ።

አባባ በመስኮቱ በኩል ወደ ቀፎው ዞሮ ነበር የሚቀመጠው። ዓይኑ ያን ያህል አያይም። «ዛሬስ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «ይገባሉ ይወጣሉ» አልኩት። አለቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሚያዝያ አንድ ቀን «ለክተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ባዶ ቀፎ ፊት ቆሜ ተመለስኩ። ያቺን ቡናማ ኮቱን ታስታውሳለህ? ሳይለብሳት መስኮቱ ጋ አይቀመጥም ነበር፤ «ንብ ፊት በሸሚዝ አልቀርብም» ይላል። እየከሳ ሲሄድ ስለሰፋችው በየወሩ አሳንሳት ነበር። ያን ቀንም ልክ ወሰድኩ። ትከሻ 41፣ ደረት 84፣ ወገብ 69። ደብተሩ እጄ ላይ ነው። እሱ «እህ? ስንት ሆኑ?» ብሎ ይጠብቀኛል።

ቁጥር መፍጠር አልችልም። ልብስ ሰፊ ቁጥር ከፈጠረ ጨርቅ ይበላሻል፤ እጄ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ የለካሁትን አነበብኩለት። የራሱን ልክ ለራሱ።

ሰማኝና «ከስተዋል» አለ። ግንቦትም ሰኔም እንዲሁ ሆነ። በሰኔው ልኬት ላይ ጣቱን አነሳና «የመጀመሪያዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አይዞሽ፣ አሉ» አለኝ። አሁን አንተ አርባ ገጽ የጻፍክበት ነገር ያ ነው። አባባ በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰው።

ያውቅ ነበር ይሆን? ስንት ጊዜ አሰብኩት። የገዛ ኮቱ ልክ አይጠፋውም ነበር፤ ድሮ ራሱ ነበር የሚያስለካኝ። አንዳንድ ቀን አውቆ ያጽናናኝ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ንቦቹን አምኖ የሞተ ይመስለኛል። የትኛው እንደሚሻል እንኳ አላውቅም።

«የመጨረሻ ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሪው» ብሎ ስላስማለኝ መታመሙን አልጻፍኩልህም። መርዶውን ከቀብር በኋላ ላክሁ። አንተ ስትመልስ ስለ አባባ አንድ ነገር አልጠየቅክም። «ንቦቹስ? ልኬቱን ላኪልኝ» ነበር ያልከው። ሌላ መጠየቅ እንዳቃተህ ገብቶኛል። ንቦቹም ሄደዋል ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሳሁ፤ እጄ ከደብተሩ ሦስቱን ወር ገለበጠልህ።

መስከረም ላይ አናጢው ከወርክሾፑ ጣራ ሥር የተንጠለጠለ መንጋ አግኝቶ በሣጥን አመጣልኝ። ዛሬ ያሉት የእነሱ ልጆች ናቸው። የአባባ ንቦች ይሁኑ የባዕድ እኔ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልህ ሁሉ እውነተኛ የንብ ልክ ነው።

ያንተው እህት

የካቲት 21

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ በብዕር የተጫንከው ወረቀት አይቼ አላውቅም፤ ከጀርባው በጣቴ ይነበባል።

«ሕይወቴን በውሸት ላይ አሠራሽኝ» ብለሃል። እሺ። ይሁን። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስትስቂብኝ ኖርሽ» ያልከውን ግን ውሰደው፣ አልቀበልህም። የሳቅኩት ጉልበትህ ላይ ብቻ ነው።

«መጽሐፉ ሲወጣ ለምን አላስቆምሽኝም» ለሚለው እነግርሃለሁ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ጥቅሉን የፈታሁት። የምትጽፈው አብዛኛው አይገባኝም፤ ገጽ ስገልጥ ግን ያቺ ሠንጠረዥ መጣች። 41፣ 84፣ 69። በታተመ ፊደል፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ መስመር ተሰምሮለት። አባባን አየሁት። ፎቶግራፉ እንኳ እንዲህ አይመስለውም፤ ያ ወጣት እያለ የተነሳው ነው። ከሥሩ ደግሞ አንተ «እየከሳም ራሱን አልለቀቀም» ብለህ ጽፈሃል። ሳታየው፣ ሳትቀብረው፣ ከሁላችን አብልጠህ አወቅከው። እሱን ከመጽሐፍህ ንጠቂው ቢሉኝ እጄ አይታዘዝም ነበር። አለቀስኩ፤ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ወንበር አመጣልኝ።

አሁን ግን ነገሩ ያንተ ነው። ማሳተሚያው ጊዜ መድረሱን አውቃለሁ። ሠንጠረዡን ብታወጣው አልቀየምም፤ ዝም ብለህ ብታልፈውም ለማንም አልናገር። ልጅቷም አትናገርም ብለሃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ እንጃ፣ እኔ ላይ እያደር ነው የጨለመው።

ንቦቹ ደህና ናቸው። አሁን ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት። ግን በእውነት ደህና ናቸው።

እህትህ

ሰኔ 19

ለእትዬ፣

አራት ወር ዝም ስላልኩ አትውቀሺኝ። ብዙ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፤ ሁሉም ቅርጫት ውስጥ ነው። የየካቲቱን ሁለት ገጽ ግን ቅርጫት ውስጥ መጣል ሲገባኝ ፖስታ ውስጥ ጨመርኩት። ይቅር በይኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔን ነው፤ በሠላሳ አንደኛው ዓመት መጮኼ።

ንግግሩ ትናንት ነበር። ሰው መጣ ወይ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ መጣ፤ ወንበር ጎድሎ ደጃፍ ላይ የቆመም ነበር። ጥሩ አድርጌ ያዘጋጀሁት ሃያ ገጽ ነበረኝ። አምስተኛው ላይ አጠፍኩትና የሆነውን ነገርኳቸው። ጉንዳኑን፣ መስኮቱን፣ ኮቱን። ስምሽን አላነሳሁም፤ «እህቴ» ብቻ አልኩ። «በመጽሐፌ ውስጥ በጣም የምትወዱት ምዕራፍ ስለ ንብ አይደለም፤ ስለ አባቴ ነው፤ እኔም የሰማሁት ዘንድሮ ነው» አልኳቸው።

ከፊት የተቀመጠ ባልደረባዬ እጁን አወጣ። ሠላሳ ዓመት ሲሟገተኝ የኖረ ሰው ነው። «ታዲያ መንጋው አንድ ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። ይህችን ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተናግሬያት አላውቅም። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። ለምን እንዳጨበጨቡ እስከ አሁን አልገባኝም። እኔ ያፈረስኩትን ቤት ነበር የምናገረው።

መጽሐፉ ላይ ሠንጠረዡን አላወጣሁትም። የሠንጠረዡን ርዕስ ብቻ ቀየርኩ። «የመንጋው ልኬት» የሚለው ጠፍቶ «አባቴ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ» ይላል። አሳታሚው «ይሄ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ። ለእሱም አላውቅም አልኩት፤ ቃሏ ጣመችኝ መሰለኝ። የመጨረሻውን እርማት ያነበበችው ተማሪዬ ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እኔም ቀስ ብዬ ልነግርዎት ይገባ ነበር» አለችኝና ሁለታችንም አፈርን።

አንድ ነገር ብቻ አላፈረስኩም። የአባባ ወገብ ስንት እንደነበር አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ስልሳ ሦስት። ክር ወስጄ ስልሳ ሦስት ቆርጬ ክብ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ያህል መክሳቱን አላውቅም ነበር። ክሩን እያየሁ ተቀመጥኩ፣ አለቀስኩም።

«እንግዲህ ትመጣለህ ወይ» ማለትሽም አይቀርም፤ ገና ሐሳቤ አልተሰበሰበም። አውራ እንደሌለው ንብ ሆኛለሁ። ምናልባት ከክረምት በኋላ። እስከዚያ ግን አንድ ኮት ስፊልኝና በፖስታ ላኪልኝ። ቡናማ ይሁን። ከተማሪዬ እናት ሜትር ተውሼ ራሴን ለክቻለሁ፤ ትከሻ 41፣ ደረት 97፣ ወገብ 95።

ወንድምሽ

ሐምሌ 12

ለወንድሜ፣

ከአዳራሹ በሰላም መውጣትህን ሰምቼ ደስ አለኝ። ደብዳቤህን ለአናጢው አነበብኩለት፤ ከጥርሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ያኔ ያመጣኋቸው ንቦች ከየት እንደመጡ እኔም አላውቅም ብለሽ ጻፊለት» አለኝ። ጻፍኩልህ።

የዚህ ወር ልኬት 38፣ 90፣ 72። የንብ ነው። የነደፉኝ ምልክት እጄ ላይ አለ።

ጨርቁን ገዝቻለሁ። ቡናማ ነው፤ እንደዚያኛው ባይሆንም ይቀርበዋል። ዘርግቼው፣ ጠመኔ ይዤ፣ ወረቀትህን አጠገቤ አስቀምጬ ቆምኩ። ወገብህን አመንኩ። ደረትህንም አመንኩ። ያቺ 41 ጋ ስደርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩት።

አርባ ዓመት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብቻውን ቆሞ የገዛ ትከሻውን የለካ ሰው አይቼ አላውቅም። እጅ አይደርስም። ሜትሩን ማን ያዘልህ? ወይስ ቁጥሯን ከመጽሐፉ ገለበጥካት? አልቆጣህም፤ ማን ይቆጣሃል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ምናልባትም እውነት ይሆናል፤ አባትና ልጅ ናችሁ። ግን እኔ በወረቀት የመጣ 41 ከእንግዲህ አላምንም፣ አንተም እኔን አትመን።

ና። መስኮቱ ጋ ቁም፣ ጀርባህን ስጠኝ፣ ልለካህ። ክረምቱ እስኪያልፍ ቆይ አልከኝ፣ እሺ፣ ይለፍ። ጨርቁን አልቆረጥኩትም።

እህትህ